ደባል ሶፍትዌር

«ጎረቤቶቼ የታሉ?»

የሙሽሪት እናት አልበሙን ገልጠው የጠየቁን የመጀመሪያ ጥያቄ ይህቺ ነበረች። ስለ ልጃቸው አልጠየቁም፣ ስለ ቬሎውም ስለ ሚዜዎቹም አልጠየቁም። ጣታቸው ያረፈው የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ሳሎናቸውን በሚያሳየው ትልቅ ፎቶ ላይ ነው፤ መስኮቱ ላይ። መስኮቱ ነጭ ነው። አንሶላ የተሰጣበት ይመስላል። ፎቶው በተነሳበት ጠዋት ግን ከዚያ መስኮት ውጪ፣ ግቢው ውስጥ፣ ሽንኩርት ሲልጡ ያደሩ የሰፈር ሴቶች በድስቶች ተከበው ተቀምጠው ነበር። ፎቶ አንሺው ደግሞ (የአክስቴ ልጅ ነው፤ እዚሁ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችው) በአፉ ቃል ገብቶላቸዋል። «እማማ፣ እነሱም ይወጣሉ፤ አይስጉ» ብሎ።

አልወጡም። ለምን እንዳልወጡ ለመናገር ነው ዛሬ ብዕር ያነሳሁት። ነገሩ የሶፍትዌር ነገር ነው። ሶፍትዌር ስላልኩ ግን ትታችሁኝ እንዳትሄዱ፤ የዚህ ጨዋታ መጨረሻው የቤት ኪራይ ጨዋታ ነው። ኪራይ የማይመለከተው የአዲስ አበባ ወጣት ካለ ደግሞ እጁን ያውጣና እንየው።

እኔ በጋዜጠኝነት ተመርቄ፣ «ሥራ እስካገኝ ድረስ ላግዝህ» ብዬ ፎቶ ቤቷ ውስጥ የገባሁ ልጅ ነኝ። ያቺ «እስካገኝ» ይኸው ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ስለዚህ የምጽፈው እንደ ባለሙያ ሳይሆን አልበም እንደሚያስረክብ፣ ስድብም እንደሚቀበል ሰው ነው።

ዓይን ያየውን ካሜራ አያየውም

አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮ ላይ አርፋ ዓይን የምታጥበረብር አገር ናት። ቤቶቻችን ደግሞ በተቃራኒው ጨለም ያሉ ናቸው። አንድ መስኮት፤ እሱም ላይ ወፍራም መጋረጃ። ሳሎን ውስጥ ቆማችሁ ሶፋውንም፣ ከመስኮቱ ውጪ ያለውንም ሰው አንድ ላይ ታያላችሁ፤ ዓይን በሄደበት ሁሉ ራሱን እያስተካከለ ነው የሚያየው። ካሜራ ግን «አንዱን ምረጡ» ይላል። ለሶፋው ብታስተካክሉት መስኮቱ ይነጣል፤ ለመስኮቱ ብታስተካክሉት ሶፋው ከሰል ይሆናል።

ኤችዲአር የሚባለው ዘዴ የመጣው ለዚህ ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ታስሩና ያንኑ ቦታ ሦስት ጊዜ ታነሳላችሁ፦ አንዱን እንደነገሩ፣ ሁለተኛውን የብርሃኑን ሩብ ብቻ አስገብታችሁ፣ ሦስተኛውን አራት እጥፍ አስገብታችሁ። በካሜራው ቋንቋ 0፣ −2 እና +2 ማለት ነው። ከዚያ ሶፍትዌሩ መስኮቱን ከጨለማው ፎቶ፣ የሶፋውን ጥግ ከደማቁ ፎቶ ይወስድና አንድ ያደርጋቸዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ፎቶግራፈር ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ባሕሩን ከአንድ ነጋቲቭ፣ ሰማዩን ከሌላ ነጋቲቭ እያተመ ያጋጥም ነበር። ፖል ደበቬክና ጂተንድራ ማሊክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት ይኸው ሥራ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠራ አሳዩ። ፎቶሾፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲኤስ2 በተባለው እትሙ ውስጥ አስገባው።

ለኛ ፎቶ ቤት ይህ ቅንጦት አይደለም። ሰርግ በሌለበት ወር እንጀራችን የሚመጣው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከሚያከራዩ ደላሎችና ከዲኮር ሠራተኞች ነው። ደላላው ክፍሉም፣ በረንዳውም፣ ከበረንዳው የሚታየውም አንድ ፎቶ ላይ እንዲወጣለት ይፈልጋል። ዲኮር ሠሪዋ የመድረኩ መብራትም የአዳራሹ ጥግም ካልታየ ሒሳቡን አትከፍልም። እማማ ደግሞ ጎረቤቶቻቸውን ይፈልጋሉ።

ባለቤትና ደባል

ለዚህ ሥራ የተሠሩት ሶፍትዌሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ራሱን የቻለ ነው። ብቻውን ይከፈታል፣ ፎቶዎቹን ራሱ ይቀበላል፣ ራሱ ጨርሶ ያወጣል። የራሱ በር፣ የራሱ ቆጣሪ አለው እንበል። ሁለተኛው ፕለጊን ይባላል። ብቻውን አይከፈትም። ፎቶሾፕን ወይም ላይትሩምን የመሰለ ትልቅ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ፣ በሰውዬው ሜኑ ላይ አንዲት መስመር ይዞ ይኖራል። አዲስ አበባ ለዚህ ዓይነት ኑሮ ስም አላት፤ ደባል።

ቦሌ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አለች። «ጊዜሽን አታባክኚ፤ ፕለጊን ነው የሚያዋጣው» ትለኛለች። የምታቀርባቸው ምክንያቶች የሚናቁ አይደሉም። አንደኛ፣ አንድ ሺህ ፎቶ ላይትሩም ውስጥ ለቅመሽ፣ ደርድረሽ፣ ኮከብ ሰጥተሽ ከጨረስሽ በኋላ ሦስቱን መርጠሽ እዚያው ታዋህጃቸዋለሽ፤ ውጤቱም ከወንድሞቹ ጎን ተሰልፎ ታገኚዋለሽ። ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ስትመላለሺ አትውዪም። ሁለተኛ፣ ጥሬውን የካሜራ ፋይል የሚፈታው ትልቁ ፕሮግራም ስለሆነ የዚህ ፎቶ ቀለም ከቀረው አልበም ጋር ይስማማል፤ ራሱን የቻለው ግን ጥሬውን በራሱ መንገድ ስለሚፈታ የሶፋው ቀይ አንዳንዴ ሌላ ቀይ ሆኖ ይመጣል። ሦስተኛ፣ ፎቶሾፕ ላይ ውጤቱን በሌየር አስቀምጠሽ ያልወደድሽውን ቦታ ብቻ ትሸፍኚዋለሽ።

ሦስቱም እውነት ናቸው። አንድም አልክድም። ብቻ የሷ እውነት ቤቱ የተከፈለለት ሰው እውነት ነው። የትልቁን ፕሮግራም ሒሳብ በየወሩ የሚከፍለው ድርጅቷ ነው፤ ኢንተርኔቱም የድርጅቷ፣ ጄኔሬተሩም የድርጅቷ። ደባልነት አከራዩ አስተማማኝ ሲሆን ምንም ክፋት የለውም።

የገዛነው ደባሉን፣ የሰረቅነው ቤቱን

የአክስቴ ልጅ ፕለጊኑን የገዛው በሕጋዊ መንገድ ነው። ዱባይ ያለች እህቱ በካርዷ ከፍላ ቁልፉን በቴሌግራም ላከችለት። ደረሰኙ ዛሬም አለ። ደባሉ የሚኖርበት ትልቁ ፕሮግራም ግን (ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ የኛ ነው) ከፍላሽ የተገለበጠ ክራክ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሁሉ የቅጂ መብት ያለው ሥራ መሆኑን እኔ ክፍል ውስጥ ተምሬያለሁ። ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከዚያ መጥቼ ክራክ ላይ ተቀመጥኩ።

አልበሙ የሚሰጠው ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ማታ ትልቁ ፕሮግራም «ፈቃድህን አላውቀውም» አለና ተዘጋ። አጠፋነው፣ አበራነው። ክራኩን እንደገና ጫንነው። ሌላ ክራክ ስንፈልግ ቫይረስ አገኘን። ፕለጊኑ እዚያው ሃርድ ዲስኩ ላይ ቁጭ ብሏል፤ የተከፈለበት፣ ጤነኛ፣ ቁልፉ የተሟላ። ግን በሩ የአከራዩ ነው። የውጪው በር ሲዘጋ ኪራዩን በሰዓቱ የከፈለ ደባልም ውጪ ያድራል።

ረቡዕ ሌሊት ሌላ ምርጫ አልነበረንም። ከሦስቱ ፎቶዎች መካከለኛውን መርጠን በአንድ ነፃ ፕሮግራም ትንሽ አፈካንነውና ለኅትመት ላክነው። ሶፋው አማረ፣ አበባው አማረ። መስኮቱ ነጣ። ጎረቤቶቹ እዚያ ነጭ ውስጥ ቀሩ።

«ጥፋቱ ክራክ መጠቀማችሁ ነው እንጂ ፕለጊኑ ምን አደረገ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ግማሽ ልክ ናችሁ። ግማሹን ቀጥዬ ልከራከራችሁ።

ቤቱ ሲፈርስ

ምክንያቱም ነገሩ በሐቅ ከፍለው የገቡ ሰዎችም ላይ ደርሷል። አፕል አፐርቸር የሚባል የፎቶ ፕሮግራም ነበረው፤ ብዙ ባለሙያዎች የሚሠሩበት። ሌሎች ኩባንያዎች ለሱ የሚሆኑ ፕለጊኖች እየሠሩ ይሸጡ ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 «ከእንግዲህ አላሳድገውም» አለ፤ በ2015 ከሽያጭ አወጣው። ቤቱ ሲዘጋ ለዚያ ቤት ብቻ ተብሎ የተገዛው ፕለጊን ሁሉ አብሮ ተዘጋ። ፕለጊኑን የሠሩት ሰዎች ምንም አላጠፉም። የገዙትም አላጠፉም።

ሌላም ልጨምር። ኒክ ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ኤችዲአር ኢፌክስ ፕሮ የሚባል ፕለጊን ነበረው። ጉግል በ2012 ኩባንያውን ገዛው። በመጋቢት 2016 ስብስቡን በሙሉ ነፃ አደረገው። (የአክስቴ ልጅ የዚያን ቀን ደስታውን ዛሬም ያወራዋል።) በግንቦት 2017 ደግሞ «ከዚህ በኋላ ማሻሻያ አልሠራለትም» አለ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ዲኤክስኦ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ባይገዛው ኖሮ ታሪኩ እዚያ ያበቃ ነበር። ነፃ ቤትም ቢሆን የሰው ቤት ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ራሱን የቻለውም እንደሚሞት ልንገራችሁ። ኦሮራ ኤችዲአር የሚባለው ብቻውንም እንደ ፕለጊንም የሚሠራ ጥሩ ፕሮግራም ነበር። የመጨረሻው ትልቅ እትሙ የ2019ኙ ሆኖ ቀረ፤ ኩባንያው ሥራውን ሉሚናር ኒዮ ወደሚባለው ሌላ ፕሮግራሙ እንደ ማሟያ አዛወረው። ባለቤት የነበረው በስተርጅና ደባል ሆነ ማለት ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሠሪው ቢተወውም የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር እስካለ ድረስ ሊሠራ ይችላል። ሕይወቱ የተንጠለጠለው በአንድ ገመድ ነው። የፕለጊን ሕይወት ግን በሁለት ገመድ ነው፤ የራሱ ሠሪና የአከራዩ። አንዱ ከተበጠሰ በቂ ነው።

ኪራይ በዶላር

ትልልቆቹ ፕሮግራሞች ድሮ ይሸጡ ነበር፤ አሁን ይከራያሉ። አዶቤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ፎቶሾፕን ወደ ወርሃዊ ክፍያ አዞረ። ላይትሩምም ከስድስተኛው እትም (2015) በኋላ አንዴ ከፍለው የራስ የሚያደርጉት መሆኑ ቀረ። ለፎቶ አንሺዎች የወጣው ርካሹ ክፍያ ለዓመታት በወር 9.99 ዶላር ነበር። ትንሽ ይመስላል። በዓመት ግን ወደ 120 ዶላር ነው፤ ካቋረጣችሁ ደግሞ በእጃችሁ የሚቀር ነገር የለም። ፎቶማቲክስ ፕሮ የተባለው ራሱን የቻለ ፕሮግራም በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ 99 ዶላር ነበር፤ አንዴ ብቻ።

አሁን ወደ ብር እንለውጠው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። 99 ዶላር ያኔ 5,600 ብር አካባቢ ነበር፤ አሁን ከ11,000 ብር በላይ ነው። አንዴ ለሚገዛ ሰው ይህ አንድ ጊዜ የሚያም ሕመም ነው። በየወሩ ለሚከራይ ሰው ግን ዶላር በጨመረ ቁጥር ኪራዩ ይጨምራል፤ እሱ ደግሞ ከደላላው የሚቀበለው ብር ነው። የብዙዎቻችን ካርድ ውጭ አገር ስለማይሠራም በየወሩ ዱባይ ያለችውን እህት ማስቸገር አለ። እህትም ትሰለቻለች።

ለቤቱ እንኳ ደህና አዋጅ አለን። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። የሶፍትዌር አከራይ ግን የሚታዘዘው ለራሱ የዋጋ ዝርዝር ነው።

የኛ ላፕቶፕ

ሌላው ጉዳይ ጉልበት ነው። 24 ሜጋፒክስል የሆነ አንድ ፎቶ በ16 ቢት ሲከፈት 144 ሜጋባይት ይይዛል። ሦስቱ 432 ይሆናሉ። ተዋህደው የሚወጡት በ32 ቢት ሌላ 288 ሜጋባይት ነው። ይህ ሥራው ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ የሚበላው ገና አልተቆጠረም። ፕለጊን ስትጠቀሙ አከራዩም ደባሉም ባንድ ጊዜ ማዕድ ላይ ይቀርባሉ። የኛ ላፕቶፕ 8 ጊጋባይት ራም ነው ያለው፤ ባትሪው ደግሞ መብራት ከሄደ በኋላ አርባ ደቂቃ ቢቆይ ነው። ራሱን የቻለውን ስንጠቀም ሌላውን ሁሉ ዘግተን እሱን ብቻ እንከፍታለን። ቃሊቲ ላይ ይህ ልዩነት አንድ አልበም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሻጮቹ ጮክ ብለው አይናገሩትም፤ ፕለጊን ተብለው ከሚቀርቡት አንዳንዶቹ ደባል ሳይሆኑ በር ናቸው። የፎቶማቲክስ የላይትሩም ፕለጊን ለምሳሌ ሥራውን ላይትሩም ውስጥ አይሠራም። ፎቶዎቹን ተቀብሎ ወደ ራሱ ፕሮግራም ይወስዳል፤ ሲጨርስ መልሶ ያደርሳል። እንዲህ ያለው ይመቻል። አከራዩ ቢዘጋበት የራሱ ቤት አለው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

የኔ አቋም ይህ ነው። ኪሱ፣ መብራቱና ካርዱ እንደኛ የሆነ ፎቶ አንሺ ራሱን የቻለውን ይያዝ። ፕለጊን ከፈለገም ብቻውን መከፈት የሚችለውን ይምረጥ። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሌላ ምንም በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል ወይ?» መልሱ አይ ከሆነ የምትገዙት ቤት አይደለም።

ገንዘብ ከሌላችሁ ክራክ ፍለጋ አትውጡ። ሉሚናንስ ኤችዲአርም ዳርክቴብልም በነፃ የሚወርዱ፣ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። እንደሚከፈልባቸው አይለሰልሱም፤ ሁለት ሦስት ማታ ያስቆጥራሉ። ግን ማክሰኞ ማታ በር አይዘጉባችሁም። ገንዘብ ካላችሁ የፎቶማቲክስን የሙከራ እትም አውርዱ፤ ጊዜው አያልፍም፣ ፎቶው ላይ ግን ማኅተሙን ያትማል። በራሳችሁ ሳሎን፣ በራሳችሁ መስኮት ሞክሩትና ወስኑ። ላይትሩምን በሕግ እየከፈላችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ኤችዲአር ማዋሃጃ ውስጡ አለ፤ ሌላ ፕለጊን ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ሞክሩት።

በየትኛውም ብትሠሩ ሦስቱን ጥሬ ፎቶዎች አታጥፉ። ያለቀውንም ሥራ ማንም ፕሮግራም በሚከፍተው ቲፍ አስቀምጡ።

አንድ ልመናም አለኝ፤ ኤችዲአርን ሰው ፊት ላይ አታብዙት። ጠይም ፊት አመድ የተነፋበት ይመስላል፤ በፀጉሩ ዙሪያ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ብርሃን ይወጣል፤ ሙሽራው ከተንቀሳቀሰም ሁለት አፍንጫ ይኖረዋል። ለሰው አንድ በደንብ የተነሳ ጥሬ ፎቶ ይበቃል። ኤችዲአር የሳሎንና የመስኮት ሥራ ነው።

የእማማን ነገር ልጨርስ። የአክስቴ ልጅ በቀጣዩ ወር ራሱን የቻለውን ፕሮግራም ገዛ። ሦስቱ ጥሬ ፎቶዎች ስላልጠፉ የመጀመሪያው ሥራው ያ ሳሎን ሆነ። ጨለማው ፎቶ ላይ ሴቶቹ በሙሉ ነበሩ። አንዷ ቢላዋ እንደያዘች ወደ ካሜራው እጇን አንስታ ትስቃለች። በራሳችን ወጪ ገጹን አሳትመን ቤታቸው ወሰድንላቸው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ከመስኮቱ ውጪ ያሉትን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩን።

«አንዷ ጎድላለች» አሉ።

ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ለሷ ሶፍትዌር የለንም።